ሐሰንና ሀሰን፦ ጃቫ የተደጋገመውን ለይቶ የሚያስቀርበት መንገድ

በምዕራብ አዲስ አበባ የሚገኘው ክፍለ ከተማ በአንዱ ጽሑፍ «ኮልፌ ቀራኒዮ»፣ በሌላው «ኮልፌ ቀራንዮ» ተብሎ ይነበባል። በውስጡ ያለው አንድ ሰፈርም በአንዱ አድራሻ «ዓለም ባንክ»፣ በሌላው «አለም ባንክ» ነው። የአካባቢው ነዋሪ ሁለቱንም አንብቦ ያልፋል፤ የትኛው ሰፈር እንደተባለ አይጠፋውም። ኮምፒውተር ግን ይህ ማስተዋል የለውም። ካልተነገረው በቀር «ዓለም ባንክ» እና «አለም ባንክ» ለእሱ እንደ ኮልፌና እንደ ቦሌ የተለያዩ ናቸው።

ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በክፍለ ከተማው ያለ አንድ ጤና ጣቢያ የ10,000 ታካሚዎችን ስም ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር አስገባ እንበል። ከእነዚህ መካከል በተለያየ ጊዜ ሁለት ካርድ የወጣላቸው ሰዎች ይኖራሉ። አንዲት እናት መድኃኒት እንደማይስማማት በአንደኛው ካርድ ተጽፎ፣ ሐኪሙ የሚያየው ግን ሁለተኛው ካርድ ከሆነ፣ የተደጋገመ ስም የጽሕፈት ቤት ጣጣ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የጤና አደጋ ይሆናል። ስለዚህ ዝርዝሩን ማጥራት፣ ማለትም እያንዳንዱን ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ማስቀረት ያስፈልጋል። በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ ይህ ሥራ በሁለት ነገሮች ላይ ይቆማል፤ እኩልነትና ሃሽ። ሁለቱን በተራ እንመልከታቸው።

አስቀድሞ ግን ሃሽ ለምን እንዳስፈለገ ማወቅ ይገባል። ድግግሞሽን ለማግኘት ወደ አእምሮ የሚመጣው የመጀመሪያው መንገድ እያንዳንዱን ስም ከሌሎቹ ሁሉ ጋር ማነጻጸር ነው። ለ10,000 ስሞች ይህ 49,995,000 ንጽጽር ይጠይቃል። ስሞቹ በእጥፍ ሲጨምሩ ንጽጽሩ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ የአንድ ከተማ ሕዝብ መዝገብ ላይ ሲደርስ ደግሞ ኃይለኛ ኮምፒውተርም ይቸገራል። ከዚህ የሚያወጣው ሐሳብ የተገኘው ጃቫ ከመፈጠሩ 40 ዓመት ገደማ በፊት ነው። የአይቢኤም ባለሙያ የነበረው ሃንስ ፒተር ሉን እ.ኤ.አ. በ1953 በድርጅቱ የውስጥ ማስታወሻ ላይ አንድ መረጃ የሚቀመጥበት ቦታ ከራሱ ከመረጃው ተሰልቶ እንዲታወቅ ሐሳብ አቀረበ። መረጃው ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ ቁጥሩም ቦታውን ይጠቁማል። ይህ ቁጥር ዛሬ ሃሽ ይባላል።

ጃቫን ጄምስ ጎስሊንግና ባልደረቦቹ በሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ አቀረቡት። በቋንቋው ውስጥ ፕሮግራሙ የሚይዘው ነገር፣ ሰው ይሁን ካርድ ወይም ደረሰኝ፣ ኦብጀክት ተብሎ ይጠራል። የኦብጀክቱ ንድፍ ደግሞ ክላስ ነው። የቋንቋው ፈጣሪዎች እያንዳንዱ ኦብጀክት ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ እንዲችል አደረጉ። «ከዚህ ከሌላው ጋር እኩል ነህ?» የሚለውን የሚመልሰው ሜተድ ኢኳልስ ይባላል። «ቁጥርህ ስንት ነው?» የሚለውን የሚመልሰው ደግሞ ሃሽኮድ ነው። ሜተድ ማለት ኦብጀክቱ እንዲሠራው የተጻፈለት ተግባር ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የጃቫ 1.2 እትም ጆሹዋ ብሎክ የነደፋቸው የስብስብ ክላሶች ሲጨመሩ ሃሽሴት የተባለው ስብስብ በእነዚህ ሁለት ሜተዶች ላይ ተገነባ። ሃሽሴት ያንኑ ነገር ሁለት ጊዜ የማይቀበል ስብስብ ነው። ዝርዝሩን በሙሉ ወደ ሃሽሴት ብንገለብጠው ድግግሞሹ ከውጭ ይቀራል።

አሠራሩን ለመረዳት የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍልን ማሰብ ይበቃል። ሠራተኛው የታካሚውን ቁጥር አይቶ በቀጥታ ወደ አንድ መደርደሪያ ይሄዳል እንጂ ክፍሉን ሁሉ አይበረብርም። መደርደሪያው ዘንድ ሲደርስ በዚያ ካሉት ጥቂት ካርዶች ላይ ስሙን ያመሳክራል። ሃሽኮድ መደርደሪያውን ይጠቁማል፤ ኢኳልስ ካርዱን ያመሳክራል። ቁጥሩ ወደ ተሳሳተ መደርደሪያ ከመራው ሠራተኛው በዚያ የሚፈልገውን አያገኝም፤ «ካርድ የለዎትም» ብሎ አዲስ ይከፍታል። ሃሽሴትም ልክ እንዲሁ ያደርጋል። በጃቫ ፕሮግራሞች ውስጥ የድግግሞሽ ችግር ከዚህ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ስሌቱን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል።

ጃቫ ጽሑፍን የሚይዝበት ክላስ ስትሪንግ ይባላል። የስትሪንግ ሃሽ አወጣጥ በቋንቋው ሰነድ በይፋ የተደነገገ በመሆኑ ማንም በእጁ ሊያሰላው ይችላል። እያንዳንዱ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ ሥርዓት፣ የራሱ ቁጥር አለው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ገብቶ የራሱን ሰፊ ቦታ አግኝቷል፤ የመጀመሪያው ፊደል ሀ 4608 ነው። ስሌቱ ከመጀመሪያው ፊደል ይነሣል። እስካሁን የተገኘው ውጤት በ31 ይባዛል፣ የሚቀጥለው ፊደል ቁጥር ይደመራል፣ ፊደላቱ እስኪያልቁ እንዲሁ ይቀጥላል።

«ሐሰን» የሚለውን ስም እንውሰድ። ሐ 4624፣ ሰ 4656፣ ን 4757 ናቸው። 4624 በ31 ሲባዛ 143,344 ይሆናል፤ 4656 ሲደመር 148,000። ይህም እንደገና በ31 ተባዝቶ 4757 ሲደመርበት 4,592,757 ይሰጣል። የ«ሐሰን» ሃሽ ይህ ነው፤ በኮልፌም በለንደንም ያው ነው። አሁን «ሀሰን» ብለን እንጻፈው። የመጀመሪያው ፊደል 4608 ስለሆነ ውጤቱ 4,577,381 ይወጣል። በአማርኛ ስናነባቸው አንድ የሆኑት ሁለት ስሞች ገና ከቁጥራቸው ተለያዩ።

ልዩነቱ የሚያስከትለውን ለማየት አንድ እርምጃ እንጨምር። ባዶ ሃሽሴት የመጀመሪያውን ስም ሲቀበል ከ0 እስከ 15 የተቆጠሩ 16 ቋቶች ያዘጋጃል። ቋት ማለት ስሞቹ የሚገቡበት ቦታ ነው። ስብስቡ የሃሽ ቁጥሩን የላይኛውን ክፍል ከታችኛው ጋር አዋህዶ የቋቱን ቁጥር ያወጣል። በዚህ ስሌት «ሐሰን» ወደ ቋት 3፣ «ሀሰን» ወደ ቋት 0 ይገባሉ። ቋታቸው ስለተለያየ ኢኳልስ ሊያነጻጽራቸው እንኳ አይጠራም። ስብስቡ በቋት 0 ማንንም ስላላገኘ «ሀሰን»ን እንደ አዲስ ሰው ይመዘግባል። (የስሞቹ ብዛት ከ12 ሲያልፍ ቋቶቹ በእጥፍ አድገው 32 ይሆናሉ፤ ይህ የሚደረገው ቋቶቹ እንዳይጨናነቁ ነው።)

ተቃራኒውም ይደርሳል፤ ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ቃላት አንድ ሃሽ ሊኖራቸው ይችላል። በአማርኛ የዚህ ጥሩ ምሳሌ «ብር» እና «ቦሎ» ናቸው። ብ 4709፣ ር 4653 ስለሆኑ 4709 በ31 ተባዝቶ 4653 ሲደመር 150,632 ይሆናል። ቦ 4710፣ ሎ 4622 ናቸው፤ 4710 በ31 ተባዝቶ 4622 ሲደመር እንደገና 150,632። በኪስ ያለው ገንዘብና በመኪና መስታወት ላይ የሚለጠፈው የዓመታዊ ምርመራ ምልክት ለጃቫ አንድ ቁጥር ያላቸው ቃላት ናቸው። ይህ ስሕተት አይደለም፤ የሚጻፉ ቃላት ስፍር ቁጥር የላቸውም፣ ሃሽ ግን በ32 ቢት የተወሰነ ቁጥር ስለሆነ አንዳንዶቹ መጋጨታቸው አይቀርም። ሁለቱ ቃላት አንድ ቋት ውስጥ ሲገናኙ ኢኳልስ ይጠራና «እኩል አይደሉም» ይላል፤ ሁለቱም በሰላም ተቀምጠው ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው ጃቫ 8 ጀምሮ፣ ስብስቡ ሰፋ ብሎ ሳለ በአንድ ቋት ከስምንት በላይ ቢጠራቀሙ ቋቱ በዛፍ መልክ ይደረደራል፤ ፍለጋው ብዙ እንዳይዘገይ ማለት ነው።

ከሁለቱ ምሳሌዎች የጃቫ ሕግ ይወጣል። ሁለት ኦብጀክቶች በኢኳልስ እኩል ከሆኑ የሃሽ ቁጥራቸው የግድ አንድ መሆን አለበት። የሃሽ ቁጥራቸው አንድ ስለሆነ ብቻ ግን እኩል ናቸው አይባልም። ይህን ሕግ ኮምፒውተሩ አይቆጣጠርም፤ የሚጠብቀው ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ነው።

ስትሪንግ ሕጉን ጠብቆ የተሠራ ክላስ ነው። እኛ ራሳችን የምንሠራው ክላስስ? «ታካሚ» የሚል ክላስ ሠርተን ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የልደት ቀንና ስልክ ብናስይዘው ጃቫ ሁለት ታካሚዎች መቼ አንድ እንደሚሆኑ አያውቅም። ካልተነገረው የሚከተለው አንድ ጥብቅ ደንብ ብቻ ነው፤ ሁለቱ በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ ያው አንድ ኦብጀክት ካልሆኑ የተለያዩ ናቸው። ከፋይል ሁለት ጊዜ የተነበበ ያው ሰው፣ ከስሙ እስከ ስልኩ አንዲት ፊደል ሳትለይ፣ ሁለት ሰው ሆኖ ይቆጠራል። ጀማሪዎች በድርብ የእኩል ምልክት ሲያነጻጽሩም የሚገጥማቸው ይኸው ነው። ምልክቱ ይዘትን ትቶ ያው ኦብጀክት መሆኑን ብቻ ይጠይቃል። አሳሳቹ ነገር ደግሞ በኮዱ ውስጥ በቀጥታ የተጻፉ ተመሳሳይ ቃላትን ጃቫ አንድ ቅጂ አድርጎ ስለሚያጋራቸው በሙከራ ጊዜ ምልክቱ የሚሠራ መምሰሉ ነው። ስሞቹ ከፋይል መምጣት ሲጀምሩ ይከሽፋል።

ስለዚህ ፕሮግራመሩ ኢኳልስን ራሱ ይጽፋል፤ «ሦስቱ ስሞችና የልደት ቀን ከገጠሙ አንድ ሰው ነው» ይላል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይቆማሉ፤ ሃሽኮድን ሳይነኩት ይተዋሉ። ያን ጊዜ ሃሽኮድ ከመነሻው የተሰጠውን ባሕርይ ይዞ ይቀጥላል፤ ለእያንዳንዱ ኦብጀክት የየራሱን ቁጥር ይሰጣል። እኩል የተባሉት ሁለት ታካሚዎች ወደተለያየ ቋት ይሄዱና ድግግሞሹ እንዳለ ይቀራል። ፕሮግራሙ የስሕተት መልእክት አያሳይም፤ አይቆምም፤ የተሳሳተ ዝርዝር ያወጣል። ኢኳልስን የጻፈ ሰው ሃሽኮድንም ከነዚያው መረጃዎች አስልቶ መጻፍ አለበት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 የወጣው ጃቫ 16 ሬከርድ የተባለውን አጭር የክላስ ዓይነት በቋሚነት ያስገባው አንዱ ጥቅሙ ይህ ስለሆነ ነው፤ ሬከርድ ሁለቱንም ሜተዶች ከያዛቸው መረጃዎች በራሱ ያወጣቸዋል።

ይሁን እንጂ ሬከርድ የሐሰንን ነገር አይፈታም። የአማርኛን ጽሑፍ የሚያቀናብር ሁሉ የራሱ የሆነ ሥራ የሚጠብቀው እዚህ ላይ ነው፤ ለእኔም የርእሰ ጉዳዩ ዋና ክፍል ይህ ነው። በአማርኛ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ በአንድ ድምፅ ይነበባሉ። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ እንዲሁም አ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓ እንደዚሁ ናቸው። «ዓለምፀሐይ» የሚለውን የሴት ስም ውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል አራት፣ «ፀ» ሁለት፣ «ሐ» ስድስት አጻጻፍ አላቸው፤ አራት በሁለት በስድስት 48 ይሆናል። አንዲት ሴት ስሟ በ48 መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ ሃሽሴት ሁሉንም ቢያገኝ 48 ሴቶች ብሎ ይቆጥራቸዋል። «ዓለም ፀሐይ» ተብሎ በክፍት ቦታ ሲለያይ ቁጥሩ 96 ይደርሳል። ዩኒኮድ ለተመሳሳይ አጻጻፎች ያዘጋጀው የማስተካከያ ሥርዓት አለ፤ እነዚህን ግን አይነካም፤ ፊደላቱ በእርግጥም የተለያዩ ፊደላት ናቸውና።

መፍትሔው ከስሙ ጎን ለጎን ወጥ የሆነ ቁልፍ ማዘጋጀት ነው። ቁልፉ ለማነጻጸር ብቻ የሚያገለግል የስሙ ቅጂ ነው። በውስጡ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጣሉ፤ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ፣ ጐ ወደ ጎ ይመለሳሉ። የዩኒኮድ አደራደር ሥራውን ያቀለዋል። የሐ ቤተሰብ ሰባቱም ፊደላት ከሀ ቤተሰብ በትክክል 16 ቁጥር፣ የኀ ቤተሰብ 128 ቁጥር ይርቃሉ፤ ዐ ከአ 48፣ ፀ ከጸ 8 ይበልጣሉ፤ ሠ ደግሞ ከሰ በ16 ያንሳል። በመደመርና በመቀነስ ብቻ የሚያልቅ ሥራ ነው። ኢኳልስም ሃሽኮድም ከዚህ ቁልፍ ሲነሡ «ሐሰን» እና «ሀሰን» አንድ ቁጥር፣ አንድ ቋት ያገኛሉ።

በቁልፉ ውስጥ መዘጋጀት ያለበት ሌላው ነገር አሕጽሮት ነው። «ገ/መድኅን»፣ «ኃ/ማርያም»፣ «ተ/ሃይማኖት» እያልን ስንጽፍ ኖረናል፤ ዘንበል ያለችው መስመር «ገብረ»፣ «ኃይለ»፣ «ተክለ» ተብላ መዘርጋት አለባት። «ወ/» ግን «ወልደ»ም «ወለተ»ም ልትሆን ስለምትችል ያለ ጾታ መረጃ አትዘረጋም። ከዩኒኮድ በፊት በፓወር ግዕዝና በመሰል ፊደላት የተተየቡ የቆዩ ፋይሎች ደግሞ በውስጣቸው ሌላ የቁጥር ሥርዓት ስለሚይዙ አስቀድመው ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለባቸው።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ቁልፉ የስሙን ቦታ መያዝ የለበትም። በኮልፌ ቀራኒዮ ልዩ ልዩ ቋንቋ ተናጋሪዎች አብረው ይኖራሉ፤ በትግርኛ ሐ እና ሀ፣ ዐ እና አ የተለያየ ድምፅ አላቸው። ለአማርኛ የተሠራ ማጣሪያ የሌላውን ሰው ስም ሊያበላሽ ይችላል። ባለቤቱ የጻፈው ስም በካርዱና በመታወቂያው ላይ እንዳለ ይቆይ፤ ቁልፉ በስተጀርባ ለማሽኑ ያገልግል።

የልደት ቀንም የራሱ ጥንቃቄ አለው። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. እና በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መስከረም 12 ቀን 2007 አንድ ቀን ናቸው። ጃቫ በራሱ የሂጅራን፣ የጃፓንን፣ የታይዋንንና የታይላንድን አቆጣጠር ያውቃል፤ የእኛ አልተካተተም። ስሪቴን ኤክስትራ የተባለው ተጨማሪ ስብስብ ግን የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይዟል። በእሱም ቢሆን ኢኳልስ ቀኑን ብቻ ሳይሆን የዘመን አቆጣጠሩንም ስለሚያመሳክር ከላይ ያሉትን ሁለቱን «እኩል አይደሉም» ይላል። ቀኖቹን አስቀድሞ ወደ አንድ አቆጣጠር መመለስ ተገቢ ነው።

የአባትና የአያት ስም ለምን አስፈለገ? በአብዛኛው የኢትዮጵያ ክፍል የቤተሰብ መጠሪያ የለም፤ ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይታወቃል። ኮልፌን በመሰለ ሰፊ አካባቢ ሦስቱም ስሞች የሚገጥሙላቸው ሁለት የተለያዩ ሰዎች መኖራቸው የሚጠበቅ ነው። በጤና መዝገብ ላይ አንድን ሰው ሁለት ማድረግ ጉዳት አለው፤ ሁለት ሰዎችን አንድ ማድረግ ግን የባሰ ነው፤ የአንዱ ሕመም ለሌላው ይጻፋልና። ስለዚህ በእኔ አመለካከት እኩልነትን ማጥበቅ ከማላላት ይሻላል። የቀረውን አጠራጣሪ ስም ሰው ይየው።

ስልክስ ለምን ከእኩልነት ውስጥ አይገባም? ስልክ ይለወጣል። ሃሽሴት የታካሚውን ቋት የሚያሰላው ሲመዘገብ አንድ ጊዜ ነው። ታካሚው በስብስቡ ውስጥ እያለ ስልኩ ቢለወጥና ሃሽኮዱ ስልኩን የሚያካትት ቢሆን ቁጥሩ ወደ ሌላ ቋት ይጠቁማል፤ ሰውየው ግን ያለው በቀድሞው ነው። ስብስቡ «የለም» ይላል፤ እሱ ግን አለ። እኩልነት በማይለወጥ መረጃ ላይ ብቻ ይመሥረት የሚባለው ለዚህ ነው።

ከዚህ አልፎ ሃሽ የማይደርስበት ድንበር አለ። «ሙሐመድ»፣ «መሐመድ» እና «ሞሐመድ» የሚለያዩት በድምፅም ጭምር ስለሆነ የፊደል ማጣሪያው አይረዳቸውም። «በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩትን እኩል በል» ብለን ኢኳልስን ብናዘው ሌላ ሕግ እንጥሳለን። ጃቫ አንደኛው ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውም ከሦስተኛው እኩል ከሆኑ አንደኛውና ሦስተኛው እኩል እንዲሆኑ ይጠይቃል። መመሳሰል ይህን አይጠብቅም፤ «ከበደ» ለ«አበደ»፣ «አበደ» ለ«አበበ» በአንድ ፊደል ይቀርባሉ፤ «ከበደ» እና «አበበ» ግን የሚለያዩት በሁለት ፊደል ነው። መመሳሰልን በነጥብ የሚለካ ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ውሳኔውም ለሰው ይተዋል።

አገራችን ይህን ድንበር በትልቅ ደረጃ እያለፈች ነው። በኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው፣ ፋይዳ የሚባለው መታወቂያ ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ 12 አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር ይሰጣል። ሥርዓቱ የቆመው ሞሲፕ በተባለ፣ በሕንድ የባንጋሎር ዓለም አቀፍ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 በተጀመረ ክፍት ሥርዓት ላይ ነው፤ አብዛኛው የሞሲፕ ኮድ የተጻፈውም በጃቫ ነው። በሞሲፕ አሠራር አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ስምን የመሰሉ መረጃዎች ይመሳከራሉ፤ ከዚያ የጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ገጽታ ከተመዘገቡት ሁሉ ጋር ይነጻጸራሉ። አሻራ ሁለት ጊዜ ሲወሰድ ምስሉ ፈጽሞ አንድ ዓይነት ስለማይወጣ በሃሽና በኢኳልስ አይለይም፤ መመሳሰሉ በነጥብ ተለክቶ ከተወሰነው ደረጃ በላይ ሲሆን ብቻ ጥርጣሬ ይነሣል። ይህ ከባድ ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ግን እኩልነት እጅግ ይቀላል። ቁጥሩ አይለወጥም፣ በሁለት ፊደል አይጻፍም፣ ለሌላ አይሰጥም። የፋይዳ ቁጥር ያለው የታካሚ ዝርዝር ለሃሽሴት የተመቸ ነው።

ለሥራው የሚስማማውን ስብስብ መምረጥም የባለሙያው ድርሻ ነው። ሃሽሴት ስሞቹን በምዝገባ ቅደም ተከተላቸው አያስቀምጥም፤ ቅደም ተከተሉ ካስፈለገ ሊንክድ ሃሽሴት አለ። ዝርዝሩን በዥረት (በስትሪም) ለሚያሳልፉ ከጃቫ 8 ጀምሮ ዲስቲንክት የተባለው ሜተድ ያንኑ ተግባር ይፈጽማል፤ እሱም የሚመካው በኢኳልስና በሃሽኮድ ነው። ትሪሴት የተባለው ግን ሃሽን ትቶ በማስቀደምና በማስከተል ስለሚለይ ውጤቱ ሊለይ ይችላል። ቢግዴሲማል በተባለው የአስርዮሽ ቁጥር ክላስ የተያዙ 100.0 ብርና 100.00 ብር በሃሽሴት ሁለት፣ በትሪሴት አንድ ናቸው።

ዝርዝር ለማጥራት የተነሣችሁ ሁሉ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ሁለት ሰዎች አንድ የሚሆኑባቸውን መረጃዎች በወረቀት ጻፉ። ቀጥሎ የራሳችሁን ስም በምታውቋቸው አጻጻፎች ሁሉ ወደ ሃሽሴት አስገቡና ስንት ሆኖ እንደሚቆጠር እዩ። ስማችሁ ሦስት ወይም አራት ፊደል ከሆነ ሃሽኮዱን በእርሳስ አስሉት፤ ከዚያ ከበለጠ ቁጥሩ ከ32 ቢት ሊያልፍና እንደገና ከታች ሊዞር ስለሚችል ጃቫ አሉታዊ ቁጥር ቢያሳያችሁ አትደንግጡ። ቁልፉን አዘጋጅታችሁ ስትደግሙት ስብስቡ አንድ ብቻ ካለ ፕሮግራማችሁ ለእውነተኛው ዝርዝር ሙከራ ደርሷል።